ቃሬዛውን የሚሸከም ማን ነው?

አንድ የካንሰር ሕመምተኛ ሐኪም ተገኝቶለት፣ ሕክምናው ታዝዞለት፣ የቀጠሮው ቀን ተጽፎ በእጁ ተሰጥቶት ሳለ፣ መሳፈሪያ በማጣቱ ብቻ ከቤቱ ቢውል፣ ከቀጠሮው የቀረው ማን ነው? እርሱ ነውን ወይስ እኛ ጎረቤቶቹ?

ጥያቄው በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ ምእመናን የቅርብ ጥያቄ ነው። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ የአዲስ አበባ ጎረቤቶች ናቸው። ከጋምቤላ ወይም ከወሎ ታሞ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የመጣ ሰው ከሩቅ መምጣቱ ስለሚታወቅ የሚያዝንለት አያጣም። ልጃቸውን ማቲዎስን በካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶችም እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ማረፊያ አዘጋጅተዋል። የሰበታው ሕመምተኛ ግን «የቅርብ ሰው» ነው፤ «ከቤቱ እየተመላለሰ ይታከማል» ይባላል። ማረፊያ እንዳይሰጠው ቅርብ፣ በእግሩ እንዳይሄድ ሩቅ ሆኖ በመካከል ይቀራል።

ለመሆኑ መመላለሱ ምን ያህል ነው? የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሲጀመር በሀገሪቱ ብቸኛው ነበረ፤ ለብዙ ዓመታትም እንዲሁ ቆየ። ዛሬ በጅማና በሌሎችም ከተሞች መሣሪያዎች ተተክለዋል፤ ለሦስቱ ከተሞች ነዋሪ ግን መንገዱ አሁንም ወደ አዲስ አበባ ነው። ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅም፤ በአብዛኛው በሳምንት አምስት ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት ይሰጣል። በሀገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ሴቶችን ለሚያጠቃው ለማኅፀን በር ካንሰር 25 ጊዜ ያህል መመላለስ የተለመደ ነው። ከሱሉልታ የምትነሣ እናት በማለዳው ብርድ እንጦጦን ተሻግራ በአዲሱ ገበያ በኩል ትወርዳለች፤ የሰበታዋ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ የቡራዩዋ በአስኮ በኩል ትመጣለች። በጉዞው አንድ ጊዜ ብቻ ታክሲ ብትቀይርና አንድ አስታማሚ ቢከተላት፣ ለ25 ቀን ደርሶ መልስ 200 ጊዜ ሒሳብ መክፈል ማለት ነው። ጨረሩ በመካከል ሲቋረጥ ደግሞ የመዳን ተስፋው ይቀንሳል፤ ስለዚህ የቀረው አንድ ቀን እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ገንዘቡ ቢገኝም ሰልፉ አለ። ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው በሽታን የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም፣ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ የአንዱ ሳል ለእርሱ አደጋ ነው። ሕመሙ የጠናባት እናት ሽታ ሲኖራት አጠገቧ ያለው ተሳፋሪ መስኮት ይከፍታል፤ ክፋት አስቦ ባይሆንም እርሷ አይታዋለች። በማግሥቱ ለመሳፈር የምታፍረው ስለዚህ ነው።

በገጠሩ ኢትዮጵያ የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወሰዳል። በብዙ ቦታ ለዚሁ ተግባር የቆመ ማኅበር አለ፤ የመንደሩ ጎልማሶች በየተራ ትከሻቸውን ይሰጣሉ፤ ተራው የደረሰበት ሰው ከቀረ ይቀጣል። እዚያ መንገዱ የሕመምተኛው የግል ጉዳይ አይደለም። ወደ ከተማ ስንገባ ቃሬዛውን ታክሲ ተካው፤ ትከሻውንም ሒሳብ ተካው። ሒሳብ የሌለው ሰው ተሸካሚ የሌለው ሆነ፤ ማንም ግን «እኔ ተራዬን አልወጣሁም» ብሎ ኅሊናው አይወቅሰውም።

እድራችንን እንመልከት። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። ሰው ሲሞት ለቀብር አውቶቡስ ይከራያል፤ ያልመጣውም ይቀጣል። ለሞተው ጎረቤታችን መኪና አጥተን አናውቅም። በሕይወት ሳለ ለ25 ቀን መሳፈሪያ ያጣውን ያንኑ ሰው በሬሳ ሳጥን በመኪና እንሸኘዋለን። ይህን ስንል እድርን ለመንቀፍ አይደለም፤ ኤችአይቪ ኤድስ በጸናበት ዘመን ከአዲስ አበባ እድሮች አንዳንዶቹ ደንባቸውን አሻሽለው በቤት የተኙትን ሕሙማን ወደ መርዳት መዞራቸው፣ ልማዱ ሊሰፋ እንደሚችል ያሳያል።

«ይህ የመንግሥት ድርሻ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ከፊሉ እውነት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚከፍለው በሕክምና ተቋም ለሚሰጠው አገልግሎት እንጂ ለመንገዱ አይደለም፤ መንገዱ የሕክምናው ክፍል መሆኑ በሕግ እንዲታወቅ መጠየቅ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ልመና አይደለም። ነገር ግን የሕጉ መሻሻል ከሚቀጥለው ሰኞ ቀጠሮ በፊት አይደርስም።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንሰብክ በካህኑና በሌዋዊው ማለፍ፣ በዘይቱና በወይን ጠጁ ላይ እናተኩራለን። ቁስለኛውን በገዛ ራሱ እንስሳ ላይ ማስቀመጡን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። እርሱ ወርዶ በእግሩ ሄደ ማለት ነው። ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶም ጉዳዩን አልዘጋውም፤ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናገረ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ለልጆች ሲያስተምሩ «ሳምራዊው ስንት ጊዜ ረዳ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ይመስለናል። አንድ ጊዜ መቶ ብር መመጽወት አይከብድም፤ የሚከብደው ሃያ አምስተኛው ቀን ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። በከተማችን ጎዳና «መሳፈሪያ ሙሉልኝ» የሚለው ቃል የለመደ ለማኝ ቃል ሆኗል። ስለዚህ እውነተኛው ሕመምተኛ ያንን ቃል አፉ ላይ ለማምጣት ይሸማቀቃል፤ ቤቱ መቅረትን ይመርጣል። እርሱ እስኪለምን ከጠበቅን አንሰማውም። የቀጠሮ ካርዱን አይቶ፣ ቀኑን መዝግቦ፣ ሳይጠየቅ በዋዜማው ደጁን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃስ ለማን ይሰጥ? የመዳን ተስፋ ላለው ብቻ የሚል ሰው ይኖራል፤ እኛ ግን አንስማማም። ሕመሙን ለማስታገስ ብቻ የሚመላለሰውም መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ሥቃዩም እውነት ነው።

በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር በጎ ፈቃደኞች በገዛ መኪናቸው ሕሙማንን ወደ ሕክምና የሚያደርሱበት አሠራር አለ። ለእኛም እንግዳ ነገር አይሆንም። ከሰበታ በየማለዳው ለሥራ ወደ ሜክሲኮ የሚወርዱ፣ ባዶ ወንበር ይዘው የሚሄዱ መኪናዎች ጥቂት አይደሉም፤ በአንድ ቁምስና ውስጥ ሦስት ባለመኪናዎች ቀን ቢከፋፈሉ የማለዳው ጉዞ ይቃለላል። የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። ሕመምተኛው ሕክምናውን ጨርሶ ደክሞ በሚወጣበት በእኩለ ቀን ባለመኪናው ቢሮ ነው። ለዚያ ሰዓት የሚሆነው ምናልባት መኪና ሳይሆን፣ ጊዜ ያለው ጡረተኛ ወይም ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ነው፤ ሁለት ሰው የሚያሳፍር ሒሳብ በኪሱ ይዞ፣ ሰልፉን ቀድሞ ቆሞ፣ ለደከመው ሰው የመስኮት ዳር ወንበር የሚይዝለት።