የዒድ ስጦታና የልጆች አማና



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ ዓሊም አይደለሁም። በትምህርቴ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ በሥራዬ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችሁ ነጋዴ። የምኖረው ዱርንፎንቴን ነው። ጄፒ ላይ ከአጎቴ ልጅ ጋር በሽርክና ዕቃ በጅምላ እናከፋፍላለን። ዒድ ሲቃረብ ለልጆች ምን ስጦታ እንደሚሻል ጻፍ ሲሉኝ ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን መጀመሪያ መናገር ያለብኝ የራሴን ጉዳይ ሆነ።

ባለፈው ዒድ ለአራት ዓመቷ ልጄ ከሱቃችን እየዘፈነ የሚበራ ትንሽ መጫወቻ ወሰድኩላት። ከዒድ ሰላት ተመልሰን፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ቡናው ሲቆላ መጫወቻው ድንገት ዝም አለ። ሳነሣው ከጀርባው ክዳኑ የለም፤ ባትሪውም የለም። ክዳኑ ብሎን ያልነበረው፣ በጥፍር የሚከፈት ነበር። «ዋጥሽው እንዴ?» ስላት አንገቷን ነቀነቀች፤ አዎ ትበል አይ ትበል አልገባኝም። ከነዒድ ልብሷ ተሸክሜያት ሆስፒታል ሮጥኩ። ራጅ ተነሣች፤ አልሐምዱሊላህ፣ ውስጧ ምንም አልነበረም። ባለቤቴ ማታ ቤት ስትጠርግ ባትሪውን በር ላይ ከጫማዎች መሀል አገኘችው።

ያን ያህል የፈራሁት ነገሩን ስለማውቀው ነው። ባትሪው ላይ 2032 ተብሎ ተጽፏል፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። ሳንቲም ያክላል፤ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ ግን ሰፊ ነው። ተቀርቅሮ ሲቀር የጉሮሮው እርጥበት ሁለቱን ዋልታዎች እንደ ሽቦ ያገናኛቸዋል፤ በአሉታዊው በኩልም የተዘጋ ቧንቧ ለመክፈት እንደምንጠቀምበት ኬሚካል ሥጋ የሚበላ ነገር ይፈጠራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ባትሪው መፍሰስ ወይም መሰበር የለበትም፤ መጫወቻውን ማስነሣት ያቃተው ደካማ ባትሪም ቢሆን ያቃጥላል። ስለዚህ ልጅ ባትሪ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስታውኩት፤ እስኪወጣ ድረስም ቤት አትጠብቁ። በቀጥታ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። አምቡላንስ ከፈለጋችሁ 10177፣ ከሞባይል ደግሞ 112 ነው።

ከዒድ በኋላ ሱቅ ስገባ የዚያው መጫወቻ ካርቶኖች ግድግዳ ሞልተው ቆሙኝ። ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት። «ሁሉም ሱቅ የሚሸጠው ይኸንኑ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ዝም አልኩና ሁለት ቀን ሸጥኩ። ለልጄ እንዳይደርስ ከቤቴ ያወጣሁትን ዕቃ ለሰው ልጅ በብር ሰጠሁ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥበት ያገኙበትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሰውየው ዝናብ መትቶት ነው ብሎ ሲመልስ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ሐዲስ ስለ እህል ነጋዴ ብቻ አድርጌ እሰማው ነበር። የእኔ እርጥብ እህል ከመጫወቻው ጀርባ ያለው ክዳን መሆኑን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። የቀሩትን ካርቶኖች ከመደርደሪያ አወረድኳቸው። ኪሳራው ለሁለታችን ቀላል አልነበረም፤ የአጎቴ ልጅም ለጥቂት ጊዜ ተቀይሞኝ ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። በጥቅምት 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሶዌቶ ናሌዲ ውስጥ 6 ሕፃናት ሞቱ፤ ምክንያቱ ቴርቡፎስ የተባለ የእርሻ ፀረ ተባይ መሆኑን መንግሥት አስታወቀ። ይህ መርዝ ለቤት ውስጥ ባይፈቀድም ለአይጥ እየተባለ መንገድ ላይ ይሸጥ ነበር። በኅዳር ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ትንንሽ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ጣትም ወደ እኛ ወደ ውጭ ዜጎች ተቀሰረ። በደል ነበረበት፤ የተዘጋባቸውን ወንድሞች አውቃለሁ። ግን ያን ሰሞን በየሻይ ቤቱ ያወራነው ስለ ፈቃድና ስለ ወረቀት ነበር፤ ስለ ሕፃናቱ ያወራነው ጥቂት ነው። የአይጥ መርዝና የልጆች ቺፕስ በአንድ መደርደሪያ አስቀምጦ የሚያድር ሱቅ ከመካከላችን የለም ብሎ የሚምል አለ?

ወደ ስጦታው ልመለስ። ልጆችን ማስደሰት ራሱ ሱና ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊት ይጫወቱ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ባለክንፉን የፈረስ መጫወቻ አይተው ስቀዋል። ኑዕማን ኢብኑ በሺርን አባቱ ለብቻው ስጦታ ሰጥቶት ነቢዩን ምስክር ሊያደርጋቸው ሲሄድ ደግሞ፣ ለልጆችህ ሁሉ እንዲሁ ሰጥተሃል ወይ ብለው ጠይቀው መልሰውታል። ስለዚህ ለወንዱ ስልክ፣ ለሴቷ ከረሜላ አይሆንም። እኔ ዘንድሮ ኳስ፣ ቀለምና የአማርኛ ፊደል መጽሐፍ ገዝቻለሁ። ባትሪ ያለው ነገር ከገዛችሁ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር ይሁን፤ የቴሌቪዥን ሪሞታችሁንም ገልብጣችሁ እዩት።

ስለ ቤታችንም ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን የምንኖረው ፎቅ ላይ፣ አንዱን ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ነው። በዒድ ቀን የቡናው ከሰል መሬት ላይ፣ ልጆቹ ረጅም አዲስ ልብስ ለብሰው በዙሪያው ይሯሯጣሉ። ከሰሉን ጥግ አስይዙት፣ ትልቅ ሰው ይጠብቀው፣ መስኮቱንም ክፈቱ፤ ብርድ ነው ብላችሁ ከዘጋችሁት ሽታ የሌለው ጋዝ ቤቱን ይሞላዋል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሶ መተኛት ይቅር፤ በቻርጅ የሚሠራ መብራት ይሻላል። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ማርሻልታውን ያለው የኡሲንዲሶ ሕንፃ በነሐሴ 31 ቀን 2023 በሌሊት ሲነድ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። መዲና ውስጥ አንድ ቤት በሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ሲቃጠል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላት መሆኑንና ስንተኛ ማጥፋት እንዳለብን ማስተማራቸውን አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። የመውጫ በራችሁን ዛሬ ማታ ሂዱና እዩት፤ ካርቶን ተደርድሮበት ከሆነ አንሡት። የእኔም ተደርድሮበት ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የሸጥኳቸው መጫወቻዎች የት እንደደረሱ አላውቅም። ከእኛ የወሰዱት ወንድሞች ወደ ሶዌቶ፣ ወደ ሊምፖፖ፣ ወደ ኢስተርን ኬፕ ይዘዋቸው ሄደዋል፤ ከእነሱ የገዛችውን የሶዌቶ እናት ላገኛት አልችልም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከእናንተ መካከል ግን ባለፈው ዒድ ሰሞን ከሱቃችን የሚዘፍን መጫወቻ በካርቶን የወሰደ ካለ፣ የቀረውን ከመደርደሪያ ያውርድና ያምጣልኝ፤ ገንዘቡን እመልሳለሁ። ደረሰኝ አያስፈልግም። በዚህ ከአጎቴ ልጅ ጋር ተስማምተናል፤ ከዐስር ሰላት በኋላ ሁልጊዜ ሱቅ አለን።