ስለ ጥይትና ስለ ንዳድ



ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ፣ በኩጂ በምትባለው ቀበሌ የደረሰውን በክልላችን ያልሰማ የለም። ታጣቂዎች ገና ጎሕ ሲቀድ መጥተው ቤት አቃጠሉ፣ ሰው ገደሉ፤ የተቀበሩት ከ200 በላይ ናቸው። አገር አለቀሰ። ማልቀስም ይገባ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ቁጥር እንይ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 98ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። የአገሪቱ አማካይ 67 ነበር። ልዩነቱን፣ 31ዱን ሕፃናት፣ ማን ገደላቸው? ወባ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ የጤና ጣቢያው ርቀት። ስለ እነርሱ የኀዘን ቀን ሲታወጅ አልሰማንም። ጎረቤት ቡና አፍልቶ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ፤ ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ይመለሳል።

ይህ የሚሆነው ሕዝቡ ጨካኝ ስለ ሆነ አይመስለንም። ጥይት ተኳሽ አለው፤ ቁጣ የሚያርፍበት ፊት ያገኛል። ወባ ግን ፊት የላትም። የጎደለው አጎበር፣ ሳይረጭ የቀረው ቤት፣ መድኃኒት ያለቀበት ጤና ኬላ አይታሰሩም፣ አይከሰሱም። (አጎበሩ ደርሶትም እህል የሚያሰጣበት አለ፤ እርሱም አይረሳ።) ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይቆጠራልና። እዚያ ገፍቶ የጣለ የለም፤ ደም ግን አለ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያውስ ወባ ከጥይት ትብሳለችና ስለ ጠመንጃ መጮኹ ይቅር» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ወባ ጎረቤትን ከጎረቤት አታጣላም፤ ጥይት ግን ለዘመናት አብሮ የኖረ መንደር ይበትናል። ደግሞም ሁለቱ ሞቶች እንደሚታሰበው የተራራቁ አይደሉም። በመተከልና በካማሺ ሰው በተሰደደ ጊዜ ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ ተዘጉ፤ ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰውም አጎበሩን ተሸክሞ አይሄድም። ከጥይት አምልጦ በስደት ሳለ በንዳድ የሞተ ሕፃን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? በበኩጂው ቁጥር ውስጥ የለበትም፤ በወባው መዝገብም ከምን ሲሸሽ እንደ ነበረ አይጻፍም።