ዲሲ ላይ መኪና ለምትከራየው ለወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መኪና ተከራይተሽ ራስሽ እየነዳሽ ቤቴ ድረስ እንደምትመጪ ስሰማ ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ መገናኛን በክረምት ዝናብ የሚያቋርጥ ሰው እዚህ መሪ መያዝ አያቅተውም። የምፈራልሽ መንዳቱን ሳይሆን ማፈሩን ነው። እንግዳ መምሰል ስለሚያሳፍረን ሳንጠይቅ እንፈርማለን፣ ምልክት ሳናነብ እናቆማለን፣ ከኋላ አንዱ ክላክስ ሲያደርግ ያላሰብነው መንገድ ውስጥ ዘው እንላለን። ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ኖሬ ያየሁት የእንግዳ ኪሳራ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አከራዩ ጋ ቀስ በዪ። ደክሞሻልና የሚያቀርቡልሽን ሁሉ «እሺ» ማለት ያምርሻል። «በትንሽ ጭማሪ ትልቁን መኪና እንስጥሽ» ካሉሽ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ማቆሚያ ስትፈልጊ ትንሿን ታመሰግኛለሽ። ኢንሹራንሱ ላይ ግን አትሰስቺ። አንደኛው ዓይነት የመኪናዋን ጉዳት ይሸፍናል፣ ሌላው በሰውና በሰው ንብረት ላይ የምታደርሺውን። እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው የራሱ መኪና ኢንሹራንስ ሊደርስለት ይችላል፤ አንቺ ግን የለሽምና ሁለተኛውን አትተዪው። ስለ መንገድ ክፍያም ጠይቂ። ክፍያ ያለባቸው ብዙ መንገዶች ገንዘብ ተቀባይ የላቸውም፤ ካሜራው ታርጋ ያነባል፣ አከራዩም ከነአገልግሎት ዋጋው ከካርድሽ ይቆርጣል። በቀን ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም፤ ከፈረምሽ በኋላ ክርክር የለም።

ቁልፉን ስትረከቢ የመኪናዋን ዙሪያ በስልክሽ ቅረጪ፤ ጭረቱን፣ መስታወቱን፣ ጎማውን፣ የቤንዚን መለኪያውን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከዱለስ የሚወጡት መንገዶች ጎን ለጎን ናቸው። መሃለኛው ለአውሮፕላን ማረፊያ ተጓዥ ነጻ ነው፣ ግራና ቀኙ ያስከፍላል። ቀጥሎ የሚመጣው 66 ቁጥር ሃይዌይ፣ ከተማዋን ከሚዞረው ከቤልትዌይ ወዲህ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ከተማ ለሚገባ ክፍያ አለው። ዋጋውም እንደ መኪናው ብዛት ሲወጣ ሲወርድ ነው። ጠዋት ካረፍሽ እዚያው ቡናሽን ጠጪና በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ተነሺ። ኤግዚት ካመለጠሽ ይለፍሽ፤ ስልክሽ ሌላ መንገድ ይፈልግልሻል። ሃይዌይ ላይ ወደኋላ የሚያሽከረክር ሰው አይቼ ላቤ ተንጠፍጥፏል።

ከተማዋን ፒየር ላንፋን የተባለ ፈረንሳዊ በ1791 የነደፋት ናት፤ ንድፏን ከያዝሽ አትከብድም። የምክር ቤቱ ሕንፃ ካፒቶል መሃል ሆኖ በአራት ትከፈላለች፤ ሰሜን ምዕራብ፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ምሥራቅ። ባለቁጥሮቹ ጎዳናዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ባለፊደሎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፤ ጄ የሚባል ግን የለም፣ ፈልገሽ አትድከሚ። አንድ ዓይነት አድራሻ ከአንድ በላይ ክፍል ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ስልክሽ ላይ የክፍሉን ስም ሳታስገቢ አትነሺ። በክፍለ ሀገሮች ስም የተጠሩት ሰፋፊ መንገዶች ሰያፍ ሲያቋርጡ አደባባይ ይፈጠራል። አደባባይ ለአዲስ አበባ ልጅ ብርቅ አይደለም። ዱፖንት ሰርክል ግን ውስጥና ውጭ ረድፍ አለው፣ መብራት አለው፣ ከሥሩም የኮነቲከት ጎዳና ያልፋል። ሳትገቢ ረድፍሽን ምረጪ፤ ከተሳሳትሽ ደግመሽ ዙሪ፣ ማንም አያውቅሽም።

ፍጥነቱ በማይል ነው። ሰፈር ውስጥ 20 ማለት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ካሜራውም አይተኛም፣ ለእንግዳም አያዝንም። «ስቶፕ» ያለበት ጋ ጎማሽ ጨርሶ ይቁም፤ በአራቱም በኩል ምልክቱ ካለ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያልፋል፣ አፍንጫውን ቀድሞ ያስገባ አይደለም። ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ ቀይ መብራቱን አብርቶ ከቆመ አትለፊው። ፖሊስ ከኋላሽ መብራት ካበራ በቀኝ ጥግ ያዢና ቁሚ። አገር ቤት እንደምናደርገው ወርደሽ ወደ እሱ እንዳትሄጂ፤ ተቀምጠሽ እጅሽን መሪው ላይ አድርጊና እስኪመጣ ጠብቂ። መንጃ ፈቃድሽን ለማውጣት ቦርሳ ከመክፈትሽ በፊት ንገሪው።

ፓርኪንግ ላይ ብዙ ሰው ይቃጠላል። ዓርብ ማታ ዩ ስትሪት ላይ ነጻ ቦታ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እንደኛ ሰፈር «ና፣ ና፣ ቁረጥ!» የሚል ልጅ የለም፤ ምሰሶው ላይ የተደረደረውን ምልክት ከላይ እስከ ታች አንብቢ። ቀን የተፈቀደ ቦታ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ተኩል በእኛ አቆጣጠር፣ መኪና የሚጎተትበት ሊሆን ይችላል። ካልገባሽ የሚያልፈውን ሰው ጠይቂ፤ ዩ ስትሪት አካባቢ አማርኛ የሚሰማ አታጪም።

ማደያ ስትገቢ ማሽኑ የፖስታ ቁጥር ይጠይቅሽና የውጭ ካርድሽን እምቢ ሊል ይችላል፤ ገብተሽ ለሠራተኛው አስቀድመሽ ክፈይ። መኪናዋን ስትመልሺ ቤንዚኑን ውሉ ላይ በተጻፈው ልክ ሙዪ፣ መለኪያውን ፎቶ አንሺ፣ ደረሰኝ ተቀበዪ። የካሜራ ቅጣት በአከራዩ በኩል ስለሚዞር አዲስ አበባ ከገባሽ በኋላም ሊመጣ ይችላልና ወረቀቶቹን ቶሎ አትጣዪ።