ሠጋር በቅሎ በጉግስ ሜዳ

 

የዛሬው ጉዳያችን ከወትሮው ወጣ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በሰው ቤት ሹፌር ሆነው የሚሠሩና በላቫጆ መኪና የሚያጥቡ ወንድሞች ደጋግመው የጠየቁን ነው። “አባታችን፣ አሠሪዬ ዋጋዋ እኔ ዕድሜ ልኬን ሠርቼ ከማገኘው የሚበልጥ የምቾት መኪና አለችው። የዕረፍት ቀን ሲደርስ አቡ ዳቢ ወዳለው ወደ ያስ ማሪና የውድድር መም ይወስዳታል። ስትመለስ ጎማዋ ተበልቶ፣ ፍሬኗ ተቃጥሎ ይሸታል። እኔ አጥባታለሁ፣ ጋራዥ እወስዳታለሁ። ይህ ብክነት አይደለም ወይ? ኃጢአትስ አይሆንም ወይ?” ይሉናል። ጥያቄው ስለ መኪና ብቻ አይደለም። ሰው በእጁ ያለውን ነገር ለምን ሊያውለው ይገባል? ለደስታው ሲል አደጋ ውስጥ መግባትስ የሚፈቀደው እስከ ምን ድረስ ነው? የሚል ነው። ስለዚህ “አዎ” ወይም “አይደለም” ብለን ከማለፋችን በፊት ነገሩን እንየው።

እነዚህ መኪኖች በጣልያንኛ “ግራን ቱሪስሞ” ይባላሉ፤ ታላቅ ጉዞ ማለት ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ልጆች ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በፈረንሳይ በኩል አድርገው እስከ ኢጣልያ ድረስ ረጅም ጉዞ ይጓዙ ነበር። ስሙ ከዚያ ጉዞ የመጣ ነው። መኪናዋም ሁለት ሰው ከነሻንጣው ይዛ አገር አቋራጩን መንገድ በፍጥነትም በምቾትም እንድትጨርስ የተሠራች ናት። በእኛ አገር ብንመስላት ሠጋር በቅሎን ትመስላለች። ሠጋር በቅሎ ሽማግሌውንም ካህኑንም ሳታንገላታ ዳገት ቁልቁለቱን ታደርሳለች። ጉግስ ግን የፈረስ ነው። ሠጋር በቅሎውን ሸልሞ ጉግስ ሜዳ ያገባ ሰው ቢገኝ አገር ይስቅበት ነበር።

የዛሬዎቹ መኪኖች ግን የበቅሎ ምቾትና የፈረስ ጉልበት አንድ ላይ ይዘዋል። ቤንትሌ ኮንቲኔንታል ጂቲን እንውሰድ። መጀመሪያ ለገበያ የቀረበችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በ2021 የወጣችው “ስፒድ” የተባለችው ዓይነት 659 የፈረስ ጉልበት አላት። ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.6 ሰከንድ ይበቃታል፤ የመጨረሻ ፍጥነቷም በሰዓት 335 ኪሎ ሜትር ነው። “በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ” እንደሚባለው፣ እርሷም የምትጠራው የፈረስ ዘር አላት። ፋብሪካዋ ከ1924 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ውስጥ በፈረንሳይ የሚደረገውን የ24 ሰዓት የለ ማን ውድድር አምስት ጊዜ አሸንፏል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አለ፤ ክብደት። ይህች መኪና 2,273 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። በ2024 የፎርሙላ ዋን ውድድር ደንብ የአንድ መኪና ዝቅተኛ ክብደት ሹፌሩን ጨምሮ 798 ኪሎ ነበር። የምቾቷ መኪና ከእርሱ ሦስት እጥፍ ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀራት። ቆዳ የለበሱት ወንበሮች፣ ድምፅ የሚከለክለው ወፍራም መስታወት፣ ወንበሩን የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው፣ የሚገፋውና የሚያሸው ሞተር ሁሉ ይመዝናል። ምቾት ክብደት አለው።

ያስ ማሪና በ2009 የተከፈተ ነው። በ2021 ከተሻሻለ ወዲህ አንዱ ዙር 5.281 ኪሎ ሜትር ሲሆን 16 ኩርባዎች አሉት። ረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናዋ በዚያ ቀጥታ ላይ ስትበር ማንም ክብደቷን አያስተውልም። የሚታወቀው ኩርባው ጋ ደርሶ ፍሬን ሲረገጥ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል እንጂ የትም አይጠፋም። የፊት ዲስኮቿ 440 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሊሆኑ የቻሉት ለዚህ ነው።

ሹፌሮች የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ፍሬን ሲደጋገም ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እያረጀ ሲሄድ በቀላሉ ይፈላል። ሲፈላ በውስጡ አረፋ ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ሲረገጥ ልስልስ ብሎ ወደ ወለሉ ይወርዳል። መኪናዋ ግን አትቆምም። ስለዚህ በመም ላይ የሠለጠኑ ሰዎች ጥቂት ዙር በፍጥነት ከነዱ በኋላ አንድ ዙር ቀስ ብለው ነድተው ፍሬኑን ያቀዘቅዛሉ። እንደደረሱም የእጅ ፍሬን አይስቡም፤ የጋለው ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዳይጣበቅ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ብክነት ነው ወይ?

ብረት አያለቅስም፤ ጎማም አይበደልም። ዓመቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ ጋራዥ የምትቆም መኪናም ከመም ላይ ካለችው በምንም አትሻልም። የሚበደለው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰውን እንፈልግ። የሹፌሩን ደመወዝ ሦስት ወር ይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ጎማ የሚጨርስ ሰው ቢኖር፣ በደሉ ያለው ደመወዙ ላይ ነው። ያ ሰው መም ላይ ባይወጣና ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጠውም በደሉ አይቀርለትም። የሠራተኛውን በጊዜው ከፍሎ፣ ቤተሰቡን አስተዳድሮ፣ ድኻውን ሳይረሳ በተረፈው የሚነዳውን ግን ምን ብለን እንክሰሰው? “ይህ ሁሉ ገንዘብ ለድኻ ቢሰጥ” የሚለው ንግግር ከፍቅርም ከቅናትም ሊወጣ ይችላል። ከየትኛው እንደወጣ የምናውቀው የራሳችንን ትንሽ ትርፍ ምን እንዳደረግንበት ስናይ ነው።

ስለ አደጋውስ? የውድድሩ ከተማ ስም በእኛ ቋንቋ ሲሰማ “ለማን?” ይመስላል። የቅኔ ቤት ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍምና እኛም ጥያቄውን እንጠይቅበት። በዚያው በለ ማን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 1955 በውድድሩ መካከል ሁለት መኪኖች ተጋጩ። አንደኛው በአየር ላይ ተስፈንጥሮ ተሰባበረና ፍርስራሹ በሕዝቡ መካከል ወደቀ። ሹፌሩና ከ80 የሚበልጡ ተመልካቾች ሞቱ። ስዊዘርላንድ ከዚያ በኋላ በአገሯ የሜዳ ላይ የመኪና ውድድርን እስከ መከልከል ደረሰች። እነዚያ ተመልካቾች መሪ አልጨበጡም፤ ነዳጅ አልረገጡም። ፍጥነቱን የመረጠው ሌላ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት እነርሱ ሆኑ።

የዛሬው መም የተሠራው ይህን ትምህርት ይዞ ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል። ከፊት የሚመጣ የለም፤ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ የለም። ከመንገዱ ዳር መኪና ስቶ ቢወጣ የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ አለ፤ ከዚያም አጥር። ባንዲራ የያዙ ሰዎች በየኩርባው ይቆማሉ፤ ቢጫው ሲውለበለብ ይቀዘቅዛል፣ ቀዩ ሲወጣ ሁሉም ያቆማል። ነጂው ሄልሜት ያደርጋል። ብዙ የመድን ውሎችም በመም ላይ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑምና ብረቱ ቢሰበር ኪሳራው የራሱ ነው። ለእርሱም ቢሆን የምንለው አለን፤ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነፍሱ የራሱ ብቻ አይደለችምና ፍሬኑን ሳያስፈትሽ፣ የሚነግሩትን ሳይሰማ፣ በትዕቢት ሊገባ አይገባውም። በየኩርባው በፀሐይ የሚቆሙትም ሰዎች ባለ ነፍስ ናቸው። ነገር ግን አደጋውን ያልመረጠ ሰው ዋጋውን እንዳይከፍል ብዙ ተደክሟል።

አውራ ጎዳናው ግን እንዲህ አይደለም። በዚያ ላይ ሕፃን ያሳፈረች እናት አለች፤ የሠራተኛ አውቶቡስ አለ፤ ምግብ የጫነ የዴሊቨሪ ሞተር ሳይክል አለ። ያ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች ማንም ፈቃዳቸውን አልጠየቀም። ስለዚህ አሠሪው መም ላይ መውጣቱን እየነቀፈ፣ በበዓል ቀን ፈጣን መኪና ለአንድ ቀን ተከራይቶ ጓደኞቹን ጭኖ በጎዳናው ላይ የሚከንፍና በስልክ የሚቀረጽ ወንድም ካለ፣ ፍርዱን ገልብጦታል። አሠሪው የራሱን ነገር በተዘጋጀለት ቦታ ይፈትናል። እርሱ ግን የሌሎችን ሕይወት ሳያስፈቅዳቸው ያስይዛል። የአሠሪውን መኪና ወደ ጋራዥ ሲወስዱ “እስቲ ጉልበቷን ልይ” ማለትም ያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልባችንን የያዘን ሌላ ነገር ነው። በዚያች መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው በጎዳና ላይ ክብደቷን አያውቅም። መስታወቱ የነፋሱን ድምፅ ይከለክላል፤ በአየር የሚደገፉት ሞላዎቿ ጉድጓዱን ይውጣሉ፤ 140 ላይ ሆኖ 80 ይመስለዋል። ክብደቱ ግን እዚያው አለ። መም የሚያደርገው ይህን የተሸፈነ ክብደት መግለጥ ነው። የቅኔ ተማሪም እንዲሁ ነው። በጎጆው ሆኖ የቆጠረው ቅኔ ለጓደኞቹ ሲነግረው ያማረ ይመስለዋል። የኔታ ፊት ሲቀርብ የጎደለው ቤት፣ የላላው ምሥጢር ይገለጣል። በዓል ቀን በሕዝብ መካከል ከሚገለጥ፣ በየኔታ ፊት ቢገለጥ ይሻላል። እኛ አሠሪው መም ላይ በመውጣቱ የምናይለት አንድ በጎ ነገር ይህ ነው፤ መኪናው የማትችለውን ማንም በማይጎዳበት ቦታ ያውቃል።

እኛስ ክብደታችንን የምናውቀው የት ነው? ከእናንተ ስንቶቻችሁ ከአሠሪያችሁ መኪና አጠገብ ቆማችሁ ፎቶ ተነሥታችሁ ወደ አገር ቤት ልካችኋል? በፎቶው ላይ ሁሉ ነገር ለስላሳ ነው። ቤተሰብም ያንን አይቶ የእህት ትምህርት፣ የወንድም መነሻ፣ የቤት ክዳን ይጨምርበታል። እናንተም “ደኅና ነኝ፣ ችግር የለም” ትላላችሁ። እነርሱ ክብደቱን ስላላዩ በመጨመራቸው አይፈረድባቸውም። ጭነቱ ግን በየወሩ ይከብዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ሲስብ ከውጭ እንደማይታይ፣ ዝም ብሎ የተሸከመ ሰውም ከውጭ ደኅና ይመስላል። አንድ ቀን ኩርባ ይመጣል፤ ሕመም፣ የሥራ መቋረጥ፣ የሞት መርዶ። ያን ጊዜ ፍሬኑ ይረገጣል፤ የሚይዝ ነገር ግን የለም። ከእኛ ዘንድ መጥተው ያለቀሱ ብዙዎች በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ልጆቻችን፣ ክብደታችሁን የምትናገሩበት ቦታ ይኑራችሁ። ለንስሐ አባታችሁ፣ ለአንድ ታማኝ ወንድም ወይም እኅት፣ በቤተሰብም መካከል ለሚያስተውለው ለአንዱ፣ ደመወዛችሁ ስንት እንደሆነና ከእርሱ ምን እንደሚተርፍ በእውነት ንገሩ። ፎቶ መላኩን አንከለክልም፤ እናት ልጇን አይታ ደስ ይበላት። ከፎቶው ጋር ግን እውነቱንም ላኩ። ሹፌሮች ለመኪና የምታደርጉትን ለራሳችሁ አትንፈጉ፤ ብዙ ከተሮጠ በኋላ ቀስ የሚባልበት አንድ ዙር ያስፈልጋል።

የያስ ማሪና መም በአንዳንድ ምሽቶች ለእግረኛና ለብስክሌት በነፃ ይከፈታል። አቡ ዳቢ ያላችሁ ቀኑን ጠይቃችሁ፣ ፈቃድ ባገኛችሁበት ምሽት ሄዳችሁ ተመላለሱበት፤ ለሰውነትም ጥሩ ነው። ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ስትደርሱ፣ ኩርባው ጋ፣ መሬቱን ተመልከቱ። ፍሬን የተረገጠበት ጥቁር የጎማ ምልክት ታያላችሁ። ከዚያ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በጎዳናው ላይ በቀስታ ንዱ።

እግዚአብሔር በሰላም ያውላችሁ፣ በሰላም ያሳድራችሁ። ይቆየን።