የሃምሳ ሰው ሸክም

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» ይባላል። ይህን ምሳሌ በማስተምርበት ዘመን የማነሣው ስለ መተባበር ጥቅም ነበር፤ ትምህርቱም እውነት ነው። ነገር ግን ሲከፋፈል የሚቀለው መልካም ሥራ ብቻ አይደለም፤ ጥፋትም ሲከፋፈል ይቀላል። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው እንቅልፍ የሚነሳው ክፉ ነገር ለሃምሳ ሺህ ሰው የታደለ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ድርሻውን እንደ ሎሚ እያሸተተ ይዞት ይሄዳል። እንግዲህ ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው በደል የማይባል ጥቂት ነገር አድርገው ታላቅ ጥፋት ቢደርስ፣ ተጠያቂው ማን ነው?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ስፍራ ልጥቀስ። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆንና መቂን አልፎ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ይደርሳል። ከዚያም ጥቂት እንደ ተጓዘ የቡልቡላን ወንዝ ይሻገራል፤ ወደ ደቡብ ሲቀጥልም በስተቀኙ የአቢጃታ ሐይቅ አለ። የውኃው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ የመቂና የቀታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ የዝዋይ ትርፍ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ ይወርዳል፤ ከላንጋኖም ሆራ ቀሎ የሚባል ወንዝ ይመጣለታል። አቢጃታ ራሱ መውጫ የለውም፤ የተቀበለውን ለፀሐይ ይሰጣል። ስለዚህ ከላይ የተቀዳው ሁሉ የሚጎድለው ከእርሱ ነው፤ ድግስ ላይ መጨረሻ እንደ ተቀመጠ እንግዳ የተረፈውን ብቻ ያገኛል።

ይህ ሐይቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከግማሽ በላይ ሸሽቷል። ቀድሞ ማዕበል ይመታው በነበረው ዳርቻ ዛሬ እንደ አመድ የነጣ ጨዋማ ሜዳ ተዘርግቷል። ስፍራው በ1960ዎቹ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል ዋናው ምክንያት ወፎቹ ነበሩ። ፔሊካኖች ጎጇቸውን በጎረቤቱ በሻላ ደሴቶች ላይ ይሠራሉ። ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር ቢሆንም ዓሣ እንደ ልብ የሚገኝበት አይደለምና የጫጩቶቻቸውን ቀለብ ከአቢጃታ ያጠምዱ ነበር። ውኃው እያነሰ ጨውና ሶዳው እየበረታ ሲሄድ የአቢጃታ ዓሣ ጠፋ፤ ወፎቹም እስከ ዝዋይ ድረስ በርረው ቀለብ የሚያመጡ ሆኑ።

አንድ ጊዜ በአውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠ የተማረ ወጣት በዚህ ነገር ሞገተኝ። «ጋሼ፣ ሐይቅ ድሮም ይመጣል፣ ድሮም ይሄዳል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ያን ጊዜ በሞተር የሳበው ማን ነበር?» አለኝ። ክርክሩ ደስ የሚል ነው፤ ታሪኩም እውነት ነው። አቢጃታ ከሞተሮቹም በፊት ዝናሙን እየተከተለ ይሞላና ይጎድል ነበር። ዳሩ ግን ሰው ሁሉ ሟች መሆኑ ገዳይን ከፍርድ አያድነውም። ዛሬ በተፈጥሮው መጉደል ላይ የሰው እጅ ተጨምሯል፤ በዝዋይ ዙሪያ የአበባ እርሻ አለ፣ በወንዞቹ ዳር የመስኖ አትክልት አለ፣ በራሱ በአቢጃታም ላይ ከ1970ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ውኃውን በሰፊ ገንዳ እያስተኛ በፀሐይ እያደረቀ ሶዳ አሽ የሚያወጣ ፋብሪካ ተተክሎበት ነበር። ሶዳ አሽ ለመስታወትና ለሳሙና ይሆናል፤ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የምንበላው ደግሞ እኛ የከተማ ሰዎች ነን። ከነዚህ ውስጥ ሐይቅ ላድርቅ ብሎ የተነሣ አንድ ሰው እንኳ አታገኙም።

በቡልቡላ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ አንድ ገበሬ አነጋግሬ ነበር። «ልጄ፣ ይህ ወንዝ ወዴት እንደሚገባ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አውቃለሁ አባቴ። ነገር ግን የእኔ ሞተር አንዲት ናት፤ እሷን ባጠፋት ሐይቁ ይሞላል?» አለኝ።

አይሞላም። ይህን መካድ ውሸት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው የሚሊጢኑ ሰው ኡቡሊደስ ይጠይቀው ነበር የሚባል ጥያቄ አለ፤ አንድ ቅንጣት እህል ክምር አይደለም፤ አንድ ብትጨምርበትም ክምር አይሆንም፤ ታዲያ ክምር የሚሆነው በየትኛዋ ቅንጣት ነው? ይህን የሥራ ፈት ጨዋታ የሚሉት አሉ። በቡልቡላ ዳር ቆሞ የሞተሮቹን ጩኸት ለሰማ ሰው ግን ጨዋታ አይደለም። ሐይቁን ያደረቀችው የትኛዋ ሞተር ናት? አንዷም አይደለችም ካልን፣ ሐይቁ ማንም ሳይነካው ደረቀ ማለታችን ነው፤ ይህ ደግሞ ከእብደት ይቆጠራል።

እኔ እንደሚመስለኝ ስሕተቱ ያለው ጥያቄውን ለአንድ ሰው ብቻ በማቅረባችን ላይ ነው። ያ ገበሬ ብቻውን ሞተሩን ቢያጠፋ ልጆቹ ይራባሉ፤ ውኃውንም ጎረቤቱ ይስበዋል። ይህን ግዴታው ነው የሚል ሰባኪ እርሻ የሌለው መሆን አለበት። ግዴታው ሌላ ነው፤ ከሌሎቹ ጋራ ለመቆጠር እምቢ አለማለት ነው። ጥንት መስኖ ባለበት አገራችን በብዙ ስፍራ ሰዎች የውኃ አባት ይመርጡ ነበር። እርሱም ተራ ያወጣል፤ ያለ ተራው ቦይ የሰበረውን ይቀጣል፤ ውኃው ሲያንስ የሁሉንም ድርሻ ያሳንሳል። ለሃምሳ የተበተነውን ሎሚ እንደገና በአንድ መሶብ ሰብስቦ የሚቆጥር ሰው ነው ማለት ነው። ከሀብታሙም ከድኻውም የሚቆጥር ከሆነ ማንም ብቻውን አይጎዳም።

የመንገደኛም ድርሻ ከዚህ ላይ ይመጣል። ወንዙን የሚያርስ ሰው የሐይቁን ዳርቻ ላያይ ይችላል፤ በሐይቁ ዳር ከብት የሚጠብቅም የአበባውን እርሻ ላያይ ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያየው መንገደኛ ነው፤ ስለዚህ ምስክር ነው። ዛሬ መንገዱም መኪናውም ፈጥኗል፤ ተሳፋሪው ሁሉ በስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሐይቅ አለፈ ወይስ ሜዳ አለፈ አያውቅም። በፍጥነት መጓዝን አልነቅፍም፤ በሽተኛ የያዘ ሰው ያመሰግነዋል። ግን አንገት ቀና ማድረግ ጊዜ አይወስድም።

ስለ ውኃ አባቱ ለዚያ ገበሬ ባጫወትሁት ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኛስ እንመርጠው ነበር። ከላይ ያሉት የአበባ እርሻዎች ይሰሙታል ወይ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «እንግዲያስ አባቴ፣ መምህር ነኝ ብለውኛልና ይህን ጥያቄዬን ይጻፉልኝ» አለ፤ ሞተሩም ነዳጅ ጨርሳ ኖሮ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ እርስዋ ሄደ።