«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም»፦ ሸሻጊው ማን ነው?

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌ ከሥጋ ሕመም አልፎ ለዕዳ፣ ለጠብ፣ ለትዳር ችግር፣ ለንስሐም ሳይቀር የሚጠቀስ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስትን ለማስታረቅ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ የንስሐ ልጁን የሚመክር ካህን፣ አንገቱን የደፋ ታማሚን የሚመረምር ሐኪም፣ ሦስቱም በዚህ ቃል ይጠቀማሉ። ላይ ላዩ ግልጽ ነው፤ ሕመሙን ያልተናገረ ሰው የሚያክመው የሕመሙን ሥር ስለማያውቅለት ሳይድን ይቀራል ማለት ነው። ሆኖም እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት ወግ «አንድም» እየተባለ ሲመረመር፣ ምሳሌው ሳይናገራቸው እንደ እውነት የተቀበላቸው ነገሮች እንዳሉ ይታያል። ሸሻጊው ራሱ ታማሚው እንደሆነ፣ መድኃኒቱም አንድ ቦታ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቀው፣ ሰሚውም ቢያንስ ክፉ እንደማያደርግበት አስቀድሞ ወስኖ ነው የሚነሣው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምክሩ ወደ ወቀሳ ይለወጣል፤ ያልዳነው ሰው ያልዳነው ባለመናገሩ ነው ተብሎ ይፈረድበታል።

ይህ ምሳሌ ብቻውን የሚኖርም አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው አለ፤ «ሆድ ይፍጀው» የሚለውም አለ። ገበና የሚባለው፣ ማለትም በቤተሰብ ውስጥ ተሸፍኖ መቅረት አለበት የሚባለው ጉድለትና ሐዘን፣ አደባባይ ሲወጣ የሚያዋርደው አንዱን ሰው ብቻ ሳይሆን ቤቱን በሙሉ ነው። ልጅ ሁለቱንም ትምህርት ከአንድ አፍ እየሰማ ያድጋል፤ ለሐኪም ተናገር ይባላል፣ ለጎረቤት ግን አታሰማ ይባላል። ሐኪሙ ሩቅ፣ ጎረቤቱ ቅርብ በሆነበት አገር ግን ወደ ሐኪም የሚወስደው መንገድ በጎረቤት ደጃፍ ያልፋል። የመሳፈሪያውን ገንዘብ የሚያበድረው፣ ቃሬዛውን የሚሸከመው፣ ታማሚው እስኪመለስ ከብቱን የሚጠብቀው ጎረቤት ስለሆነ፣ ለሐኪም ብቻ ተናግሮ ከሌላው መሸሸግ ለአብዛኛው የገጠር ሰው የማይቻል ነገር ነው።

ምሳሌው ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በወሊድ ፊስቱላ ነው። ፊስቱላ በሰውነት ውስጥ መኖር በማይገባው ቦታ የተከፈተ ቀዳዳ ሲሆን፣ በወሊድ ምክንያት የሚመጣው በሽንት ፊኛና በብልት መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም በብልትና በዓይነ ምድር መውጫ መካከል የሚፈጠር ነው። ምጡ ለቀናት ሲዘልቅና የሕፃኑ ጭንቅላት በእናትየዋ ዳሌ አጥንት መካከል ማለፍ ሲያቅተው፣ በጭንቅላቱና በአጥንቱ መካከል የተጨመቀው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ቀዳዳው ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ሽንት ቀንና ሌሊት ያለ ፈቃድ ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይተርፍም። የእግሯ ነርቭ የተጎዳባት እናት ደግሞ ለመራመድም ትቸገራለች። ይህ ሁሉ በጊዜው በተደረገ ቀዶ ጥገና ሊቀር የሚችል ጉዳት መሆኑ ሐዘኑን ያከብደዋል።

ይህ ሕመም የሚሸሸግ አይደለም። ታማሚዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሽታው ይናገርባታል፤ ባሏ ያውቃል፣ አማቷ ታውቃለች፣ ምንጭ የሚወርዱት ሴቶችም ያውቃሉ። የሚሸሸገው ሕመሙ ሳይሆን ሴቲቱ ናት። ከቤት ጓሮ ትንሽ ጎጆ ይቀለስላታል፤ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከገበያ፣ ከለቅሶም ትቀራለች፤ ብዙ ጊዜ ባሏ ወደ ወላጆቿ ይመልሳታል። ፍሳሹ እንዲቀንስላት ውኃ መጠጣቱን ትተዋለች፤ ያም ሽንቱን ያከረዋል፣ ቆዳዋን ያቃጥለዋል፣ ጠጠርም ያመጣባታል። ለዓመታት ተኮራምታ ከመተኛቷ የተነሣ ጉልበቷ መዘርጋት የተሳናት ሴትም አለች። በዚህ ሕመም ምሳሌው ይገለበጣል፤ የሸሸገው ሌላ ሰው ሲሆን መድኃኒት ያጣችው ሌላ ናት። «ለምን ቀደም ብለሽ አልተናገርሽም?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው፣ የተናገረችው ነገር ከጓሮ ጎጆ እንዳላለፈ ቢረዳ ጥያቄውን ወደ ሌላ ያዞረው ነበር።

መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል የሚለው ሁለተኛው ግምትም እንዲሁ መመርመር አለበት። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ትውልዳቸው ከኒውዚላንድ የሆነው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ለማገልገል እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ፣ ፊስቱላ የያዛት ሴት ብትናገርም የምታገኘው ሕክምና ከስንት አንድ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች የቀዶ ጥገናውን ዘዴ እያሻሻሉ ብዙዎችን ካዳኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለዚህ ሕመም ብቻ የተዘጋጀ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማእከላት ተቋቋሙ። ዶክተር ካትሪን በ96 ዓመታቸው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በእነዚህ ተቋማት የታከሙት ሴቶች ቁጥር ከ60,000 በላይ ደርሶ ነበር። ከቀደሙት ታካሚዎች አንዷ የነበሩት ማሚቱ ጋሼ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይማሩ በሐኪሞቹ አጠገብ ሠልጥነው የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆነዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚታየው ቅደም ተከተል ምሳሌው ከሚያስቀምጠው የተለየ ነው። በምሳሌው መናገር ይቀድማል፣ መድኃኒት ይከተላል። በፊስቱላ ግን መድኃኒቱ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ነው ሴቶቹ መምጣት የጀመሩት፤ ወሬውን ያደረሱላቸውም ድነው ወደ መንደራቸው የተመለሱት ናቸው። ብዙዎቹ ሆስፒታሉ ግቢ እስኪደርሱ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት በዓለም ላይ ከእነርሱ በቀር ያለች አይመስላቸውም ነበር። ሰውን የሚያናግረው የመዳን ተስፋ ስለሆነ፣ ተስፋ በሌለበት ዝም ያለን ሰው መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ከሕመሙ በስተጀርባ ደግሞ ሌላ የተሸሸገ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። የወንጀል ሕጉም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ይሁንና የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በብዙ ቦታ የልጅቱ ዕድሜ አባቷ የተናገረው ነው፤ ሠርጉም ከቀበሌ ዓይን እንዲያመልጥ በሌላ ድግስ ስም ይደረጋል። እዚህ ላይ በሽታውን የሚሸሽገው ታማሚ ያልሆነው ወገን መሆኑ አይካድም፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን አጥንቷ ሳይጠና የምታምጠው ልጅ ናት። በዚሁ ጉዳይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይኖርበታል፤ ፊስቱላ የልጅነት ጋብቻ ውጤት ብቻ አይደለም። በ30 ዓመቷ አምስተኛ ልጇን የምታምጥ ሴትም፣ የሕፃኑ አቀማመጥ ከተበላሸና ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ሆስፒታል ከራቀባት፣ ያው ይደርስባታል። ነገሩን ሁሉ በባህል ላይ ማሳበብ ያልተሠራውን መንገድ፣ ያልመጣውን አምቡላንስና ያልተመደበውን አዋላጅ ነርስ መሸሸግ ነው። ይህ ዓይነቱ መሸሸግ ከቢሮ ስለሚወጣ ገበና አይባልም፤ ጉዳቱ ግን አያንስም።

ምሳሌው በኤች አይ ቪ ታሪክ ሲፈተን ደግሞ ሌላ መልክ ያወጣል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ታወቁ። ፊታቸውን ገልጠው፣ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በአደባባይና በትምህርት ቤት የመሰከሩት ቀዳሚዎች ያን ሲያደርጉ፣ ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት ለእነርሱ አልደረሰም ነበር፤ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ተናገሩ፤ ነገር ግን መድኃኒት አላገኙም። ያገኙት ከተከራዩት ቤት መባረርን፣ ከሥራ መገለልን፣ የሚጠጡበት ኩባያ መለየቱን ነበር፤ ብዙዎቹም መድኃኒቱን ሳያዩ አልፈዋል። ሆኖም በመናገራቸው ሕመሙ የሰው ፊት አገኘ፤ ማኅበራት ተቋቋሙ፣ ምርመራ ተለመደ፣ መድኃኒቱ ይምጣ የሚለው ጥያቄም ጉልበት አገኘ። ስለዚህ ምሳሌው በአንድ ሰው ሕይወት ሲመዘን ሐሰት ሆኖ፣ በአገር ሕይወት ሲመዘን እውነት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የሚናገረው አንዱ ነው፣ የሚድነው ሌላው ነው። ለሌሎች ፈውስ ራሳቸውን ያጋለጡትን ሰዎች ውለታ ኅብረተሰቡ እስከ ዛሬ በሚገባ አልከፈለም። ዛሬ መድኃኒቱን በየዕለቱ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው እንደማያስተላልፍ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ እንዲያም ሆኖ በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ፣ የሚያውቀው ሰው ወደማይገኝበት ከተማ ሄዶ መድኃኒቱን የሚቀበል ሰው አለ።

የሥጋ ደዌም ከዚህ ጋር የሚታይ ነው። የሕመሙን ተህዋስ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ እንዲሰጥ የመከረው የመድኃኒቶች ቅንብር በስድስት ወር ወይም በዓመት ያድናል፤ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና ታውቋል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ሲነካ የማይሰማ፣ ቀለሙን የለወጠ የቆዳ ክፍል ነው፤ በዚያን ጊዜ የታከመ ሰው ጣቱንም ዓይኑንም ያተርፋል። ምሳሌው ቃል በቃል እውነት የሚሆነው እዚህ ነው፤ የሸሸገ ሰው በእርግጥ ይጎዳል። ነገር ግን ሕመሙ በዘር ይወርዳል የሚለው የተሳሳተ እምነት እስካልጠፋ ድረስ፣ አንድ ወጣት ያችን ቆዳ ለሐኪም ሲያሳይ የእኅቱን ጋብቻ አብሮ አደጋ ላይ ይጥላል፤ ለጋብቻ ዘር ሲጠየቅ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራልና። እርሱን ፈሪ ማለት ይቀላል፤ የሚቸግረው ዘር ቆጣሪውን ማስተማር ነው።

የአእምሮ ሕመም ለብቻው ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ በአጭሩ ብቻ ይነሣል። ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ስሙ ራሱ መሰደቢያ ሆኖ መቆየቱ፣ «አማኑኤል ይግባ» የሚለውም እንደ ቀልድ መነገሩ፣ ሰዎች ስለምን ታማሚያቸውን በቤት አስረው እንደሚያስቀምጡ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ይገልጣል። ታማሚውን ፀበል የሚወስድ ቤተሰብ የሐኪም መድኃኒት እንዲያቋርጥ ማድረግ እንደሌለበት የሚናገሩ ካህናት አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሚገባውን ያህል ሩቅ አልተሰማም።

እንግዲህ ምሳሌው ይጣል የሚባል አይደለም፤ የሚነገርለት ሰው ይለወጥ ነው የሚባለው። ለታማሚ ሲነገር ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የመጣ ወቀሳ ነው፤ ለባል፣ ለአማት፣ ለንስሐ አባት፣ ለወረዳ አስተዳዳሪ ሲነገር ግን ሥራ የሚያዝ ቃል ይሆናል። ለዚህ የሚሆን ሸንጎ በየሰፈሩ አለ። እድር፣ አባላቱ በየወሩ እያዋጡ ሐዘንተኛን የሚደግፉበት ማኅበር፣ ኤች አይ ቪ በጸናበት ዘመን በብዙ ቦታ ሙታንን ከመቅበር አልፎ በሕይወት ያሉ ሕሙማንን ወደ መጦርና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወደ መርዳት ተሸጋግሮ ነበር። ያ የታየ፣ የተሠራበት ነገር ነው፤ አዲስ ተቋም መፍጠርም አያስፈልግም። የየእድሩ ዳኛ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ መዋጮው ከተቆጠረ በኋላ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ በዚህ አካባቢ ከወሊድ በኋላ ከሰው ተለይታ የምትኖር ሴት አለች ወይ፣ በቤት ታስሮ የሚኖር ሰው አለ ወይ፣ 18 ዓመት ሳይሞላት የታጨች ልጅ አለች ወይ። በጥያቄው ስም ማንሣት አይኑር፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው በኋላ ለብቻው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገር፤ የመሳፈሪያውን ወጪ እድሩ ይሸፍን። የፊስቱላ ሕክምና በሐምሊን ሆስፒታሎች የሚሰጠው በነጻ ነው።