ከእኛ በኋላ ስለሚበቅለው ሰርዶ

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይላሉ አበው። ተረቱን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ እኛ ለማንደርስበት ዘመን የማሰብ ግዴታ አለብንን?

አበው ለምሳሌያቸው ሰርዶን የመረጡት ያለ ምክንያት አይመስለንም። በኦሮምኛ ጮቆርሳ የሚባለው ይህ ሣር ከዓመት ወደ ዓመት የሚዘልቅ፣ ድርቅን የሚችል ያገራችን በቃይ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ ዙሪያ በጋው ሲበረታ ቅጠሉ ይደርቃል፤ ከመሬት በታች የሚሄደው ግንዱ ግን ሕይወቱን ጠብቆ ይቈያል። ዝናብ ሲመለስ እርሱም ይመለሳል። ከብት ቢግጠው፣ እግር ቢረግጠው እንደገና ያቈጠቍጣል። እርግጥ ነው፣ በእርሻ ውስጥ ገበሬውን ያስመርራል፤ ማረሻ የቈራረጠው አንጓ ሁሉ ዳግመኛ ይበቅላልና። ያው ጠባዩ ግን በቦረቦር አፋፍና በእርከን ጠርዝ በረከት ይሆናል፤ ጎርፍና ነፋስ በቀላሉ የሚወስዱትን የስምጥ ሸለቆ አፈር አስሮ ይይዛል። አፈሩ ፈጽሞ ከታጠበ ግን ሰርዶም የሚቆምበት የለውም። ያን ጊዜ የአህያዋ ምኞት በእኛ እጅ ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በድርቅ ዓመት አንዲት ፍየል ብቻ ያለቻትን መበለት «ሣሩን ለልጅ ልጆች ተዪላቸው» ማለት ፍትሕ ነውን? አይደለም እንላለን። አህያዋም የተወቀሰችው ሣር ስለ በላች ሳይሆን ከእርስዋ በኋላ እንዳይበቅል ስለ ተመኘች ነው። ለችግር ቅጠሉን መውሰድና ሥሩን መንቀል አንድ አይደሉም።

እንግዲህ የተራቈተው ተረተር እንዲያገግም ከግጦሽ ይከለል ስንል፣ ሸክሙ በድኻ ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ እንጠንቀቅ። ብዙ ከብት ያለው ሌላ መስክ ፈልጎ ይነዳል፤ መበለቲቱ ግን መሄጃ የላትም። ስለዚህ ከተከለለው ስፍራ የሚታጨደው ሣር ሲከፋፈል በመጀመሪያ እርስዋ ትታሰብ። የዛሬውን ጎረቤት ዘንግቶ ለሚመጣው ትውልድ አስባለሁ ማለት፣ ስሙን የለወጠ ራስ ወዳድነት ነው።

የኦሮሞ ሽማግሌዎች ሲመርቁ እርጥብ ሣር ይይዛሉ። ይህ ለአህያዋ ቃል መልካም መልስ ይመስለናል። እኛም ስናልፍ «ይብቀል» ብለን እንለፍ፤ እንዲበቅልም አፈሩን እንተውለት።